ፖርትፎሊዮው የማን ሥራ ነው? ፍሪላንሰር ከመቅጠር በፊት የሚደረግ ማጣራት፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቀጣሪዎች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሎጎ፣ ታፔላ፣ የምርት ማሸጊያ፣ ድረ ገጽ፣ ቪዲዮ ወይም ትርጉም ማሠራት የሚፈልግ ሰው ባለሙያውን የሚያገኘው ከጊዜ ወደ ጊዜ በዘመድ ጥቆማ ሳይሆን በቴሌግራም እየሆነ መጥቷል። ማስታወቂያው በአንድ የሥራ ግሩፕ ወይም እንደ አፍሪወርክ ባለ የሥራ ማገናኛ ላይ ሲወጣ በማግስቱ የፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ናሙናዎች ስብስብ፣ ሊንክና የምስል ጥርቅም ይጎርፋል። ከሚጎርፈው መካከል እውነተኛ ሥራ እንዳለ ሁሉ ከሌላ ሰው ገጽ የተቀዳ፣ በቡድን ተሠርቶ የአንድ ሰው ሆኖ የቀረበ፣ ወይም ጨርሶ ሳይታተምና ሳይለጠፍ በማሳያ ምስል ላይ ብቻ የቀረ ሥራም ይገኝበታል። ይህ መመሪያ ቀጣሪው ገንዘብ ከመክፈሉና ውል ከመፈረሙ በፊት እነዚህን የሚለይበትን መንገድ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

በማጣራት የሚመለሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ሥራው በእርግጥ አለ ወይ፣ አመልካቹ በሥራው ላይ እጁ አለበት ወይ፣ እጁ ካለበትስ ድርሻው የትኛው ነው። ብዙ ቀጣሪ የመጀመሪያውን መልሶ ያበቃል። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚጎዳው ሦስተኛውን መተው ነው። የሌላውን ሥራ እንዳለ የቀዳ ሰው በቀላሉ ይያዛል፤ የቡድን ሥራን የብቻው አድርጎ የሚያቀርብ ወይም ቀለሙን ብቻ የቀየረውን ሎጎ «እኔ ነኝ የፈጠርኩት» የሚል ሰው ግን ለሚጠየቀው ሁሉ ግማሹ እውነት የሆነ መልስ አለው።

ለማብራሪያ እንዲመች በኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ለከረጢቱ አዲስ ዲዛይንና ሎጎ ማሠራት ፈልጓል እንበል። ለአንድ መቶ ቢዝነስ ካርድ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ መፈጸም ድካም ብቻ ነው፤ በሺዎች በሚቆጠር ከረጢት ላይ ለሚታተም ምልክት ግን አንዱም እርምጃ አይበዛም።

አንደኛ፦ ናሙናውን በትክክለኛው መልክ መጠየቅ

«ፖርትፎሊዮ ላክ» ብቻ ብሎ የጠየቀ ቀጣሪ የሚደርሰው አመልካቹ ያማረ መስሎ የታየው ምስል ነው፤ ስለ ምስሉ የሚጣራ ነገር ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት በሚከተለው ዓይነት ቢጻፍ ይመረጣል፦

«ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ከሠሯቸው ሥራዎች ከእኛ ፍላጎት ጋር የሚቀራረቡ ሦስቱን ይላኩልን። እያንዳንዱ ለማን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተጠናቀቀ፣ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደነበረና ከእርስዎ ሌላ ማን እንደተሳተፈ በአጭሩ ይግለጹልን። ምስሎቹን በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩልን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተጨመረው ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ስለሚያሳንሰውና በውስጡ ያለውን የቀንና የካሜራ መረጃ ስለሚያጠፋው ነው። በፋይል መልክ ሲላክ ግን ምስሉ እንዳለ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን «ከእርስዎ ሌላ ማን እንደተሳተፈ» የሚለው ነው። ጥያቄው ሌላ ሰው መኖሩን አስቀድሞ እንደ ተራ ነገር ስለሚቆጥር ለሐቀኛው አመልካች እውነቱን ለመናገር በር ይከፍትለታል። ለምሳሌ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቅርቡ የተመረቀ ወጣት የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ማቅረቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ በቡድን ስለሚሠራ ዳታቤዙን የሠራው እሱ ይሁን ሰነዱን የጻፈው፣ ወይም አቀራረቡን ያዘጋጀው፣ ከመልሱ መታወቅ አለበት። «ሁሉንም እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚል አጭር መልስ ውሸት ነው ባይባልም በሚቀጥሉት እርምጃዎች በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ ምስሉ ሌላ ቦታ መኖሩን መፈለግ

ናሙናው በደረሰ ቀን እያንዳንዱን ምስል በጉግል ሌንስ፣ በቲንአይ እና በያንዴክስ የምስል ፍለጋ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሦስቱ የሚያገኙት አንድ ዓይነት ስላልሆነ በአንዱ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት አይበቃም። ምስሉ በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ሎጎው ብቻ ተቆርጦ፣ በመጨረሻም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይፈለጋል፤ የሰው ሥራ የሚወስዱ ሰዎች ፍለጋውን ለማሳሳት ምስሉን እንደ መስታወት የሚገለብጡበት ጊዜ አለና። በእኛ አገር ደግሞ የተለመደ ሌላ ዘዴ አለ፤ ዝግጁ ሥዕል ከሚያቀርቡት ድረ ገጾች፣ ከፍሪፒክ ወይም ከካንቫ፣ የተወሰደ ቅርጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፉ ይነሣና በቦታው የአማርኛ ስም ይገባበታል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ የአማርኛውን ጽሑፍ ሸፍኖ የስንዴ ዘለላውን ወይም ክቡን ብቻ መፈለግ ይሻላል።

ተመሳሳይ ምስል ዲዛይነሮች ሥራቸውን በሚያሳዩባቸው ድረ ገጾች፣ ቢሃንስ ወይም ድሪብል ላይ በሌላ ሰው ስም ከተገኘ ቀኑን ማነጻጸር ነው። አንዳንድ ባለሙያ በአንዱ ገጽ በሙሉ ስሙ፣ በሌላው በብዕር ስም ሊሠራ ስለሚችል ወዲያው አይፈረድበትም፤ በዚያ ገጽ በኩል አጭር መልእክት እንዲልክልን መጠየቅ ግን ጉዳዩን ይቋጨዋል። ገጹ የእሱ ከሆነ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ «የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኛል» የሚለው ይመጣል።

ፍለጋው ምንም ካላገኘስ? ምንም አለማግኘት ማስረጃ አይሆንም። ለአንድ የደሴ ሱቅ የተሠራ ታፔላ ኢንተርኔት ላይ ላይኖር ይችላል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስልም እንደዚሁ ቀደም ያለ ቅጂ የለውም። ይህን ሁለተኛውን ለመለየት የግዕዝ ፊደል ይጠቅመናል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ትልልቁን ርዕስ በትክክል ቢያወጡ እንኳ በከረጢቱ ግርጌ የሚገባውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ማለትም የክብደቱን፣ የአምራቹን አድራሻና የማብቂያ ቀኑን፣ ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ነገር ግን ፊደል ያልሆነ ጭረት ያደርጉታል። ምስሉን አጉልቶ ደቃቁን ጽሑፍ ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል።

የማሳያ ምስል፣ በሙያው «ሞክአፕ» የሚባለው፣ በራሱ ማታለያ አይደለም። ዲዛይነር ያልታተመ ሥራውን በተዘጋጀ የከረጢት ወይም የታፔላ ምስል ላይ ለጥፎ ማሳየቱ የተለመደ ነው። ጥፋት የሚሆነው ያልታተመውን ታትሟል ሲል ነው። በእኛ ምሳሌ ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «በስንት ቀለም ታተመ?» በተሸመነ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ ማተሚያ ሰሌዳ ስለሚያስፈልግ ቀለሙ በቁጥር የተወሰነ ነው። ከረጢት አሳትሞ የሚያውቅ ዲዛይነር የቀለሙን ቁጥርና በዚያ ምክንያት የተወውን ነገር ሳያመነታ ይናገራል። ከወርቃማ ወደ ቡናማ እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ጥላና ብርሃን የሞላበት ከረጢት አሳይቶ ለጥያቄው ግር የሚለው ሰው ግን ሥራው ከኮምፒውተሩ ያልወጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፦ ቀኑን መመርመር

በፋይል መልክ የመጣ ፎቶ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ጠቅታ «ፕሮፐርቲስ» ከዚያም «ዲቴይልስ» ሲባል የተነሣበትን ቀንና የካሜራውን ዓይነት ያሳያል። እዚህ ላይ ሰውን ያለ በደሉ የሚያስጠረጥሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ አመልካቹ «በ2015 ነው የሠራሁት» ብሎ ፋይሉ 2023 ቢል አንድም ግጭት የለም። ሁለተኛው የመቅዳት ጉዳይ ነው፤ ፋይል ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን ወደ ተገለበጠበት ቀን ይቀየራል፣ «የተሻሻለበት» የሚለው ግን እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ የተፈጠረበት ቀን ከተሻሻለበት ቀን በኋላ ሆኖ ቢገኝ ፋይሉ ከሌላ ቦታ መገልበጡን እንጂ መሰረቁን አያመለክትም።

የቴሌግራም ቻናል ጥሩ ምስክር ነው፤ የተለጠፈበትን ቀን ባለቤቱ ወደኋላ ሊመልሰው አይችልምና። ቢሆንም በቆየ ልጥፍ ላይ ያለውን ምስል በአዲስ መተካት ስለሚቻል «የታረመ» የሚለው ምልክት ያለበት ልጥፍ ብቻውን አይታመንም። «ከዚህ ቻናል የተላለፈ» የሚል ካለበት ደግሞ ወደ መነሻው ቻናል መሄድ ነው።

የእኛን ከተሞች የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ሊነገር ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ሥር በነበሩበት ጊዜ ተቋማትና ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ከተዘረፈው ጋር ኮምፒውተርም ሃርድ ዲስክም ሄዷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራን ሥራ የሚያቀርብ ባለሙያ «ዋናው ፋይል በዚያን ጊዜ ጠፋ» ቢል እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጥርጣሬ መልክ መስቀለኛ ጥያቄ ማዥጎድጎድም ነውር ነው። ተገቢው ነገር ሌላ ዱካ እንዲፈልግ መርዳት ነው፤ ለደንበኛው በኢሜይል የላከው ቅጂ፣ በቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ የቀረው፣ ወይም ማተሚያ ቤቱ ዘንድ የቀረው ፋይል ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ከጠፋም ከ2014 ወዲህ የሠራው አንድ ሥራ ሙሉ ፋይሉ ካለ በቂ ነው። የሚያሳስበው ምክንያቱ ለትናንቱም ለዛሬውም ሥራ ሲሰጥ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ የቀድሞውን ደንበኛ ማነጋገር

በትልቅ ከተማ ወይም በውጭ አገር ያለ ቀጣሪ ሊያደርገው የማይችለውን እኛ የምናደርገው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ባለው መንገድ ላይ የተሰቀለ ታፔላ ከሆነ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ደንበኛው ኮምቦልቻ ከሆነም ሐረጎን ወርዶ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ታፔላው በምስሉ ላይ እንዳለው መሆኑን፣ ስሙ፣ ቀለሙና ስልክ ቁጥሩ አለመለወጡን በዓይን ማየት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል።

የደንበኛውን ስልክ አመልካቹ ራሱ ቢሰጥም ከታፔላው ወይም ከሱቁ ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር መጠቀም ይመረጣል፤ የተሰጠው ቁጥር የጓደኛ ስልክ ሊሆን ይችላልና። ከመደወል በፊት ግን ለአመልካቹ «የቀድሞ ደንበኛዎን እናነጋግራለን» ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ከመሆኑም በላይ አንዳንዱ በዚህች ደቂቃ ድርሻውን በራሱ ያስተካክላል፤ እንዲህ ያደረገውን ሰው እንደ ውሸታም መቁጠር አይገባም።

ጥያቄው መልሱን በውስጡ የያዘ መሆን የለበትም። «እገሌ ነው አይደል የሠራልዎ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ልጁን ላለመጉዳት ሲል «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል፤ የወሎ ሰው ደግሞ የሰው እንጀራ ላይ እጁን መስደድ አይወድም። እንዲህ ዓይነት ንግግር ግን ብዙ ያወጣል፦

«ሀጂ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ሱቅዎ ታፔላ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ጠይቅ ልጄ፣ ምን ችግር አለው።»

«አምሮብዎታል። ማን ነው የሠራልዎ?»

«ማተሚያ ቤቱ ነዋ! ገንዘቡንም የከፈልኩት ለእሱ ነው። ስሙን በዐረብኛና በአማርኛ ያስተካከለው ግን አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው የጨረስነው።»

«ምልክቱንስ እሱ ነው የሳለው?»

«እሱማ የድሮው ነው። አባቴ ሱቁን ሲከፍት ያሣለው ነው፤ ልጁ አጠራው እንጂ።»

ከዚህ አጭር ንግግር ሦስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል። ሥራው አለ፤ ልጁም እጁ አለበት፤ ድርሻው ግን ጽሑፉን ማደራጀትና የቆየውን ምልክት ማጥራት ነው፤ ደንበኛውም የማተሚያ ቤቱ እንጂ የእሱ አልነበረም። ይህ ለአመልካቹ ነቀፋ አይደለም። ዐረብኛውን ከቀኝ፣ አማርኛውን ከግራ አሰልፎ በአንድ ሰሌዳ ላይ ማስማማት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዱቄት ፋብሪካው ግን የሚፈልገው አዲስ ምልክት የሚፈጥር ሰው ስለሆነ ይህ ናሙና ለዚያ ችሎታ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ መጠየቅ አለበት።

ለደንበኛው የሚቀርቡት ቀሪ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ሥራው በተባለው ቀን ደርሷል ወይ፣ ማስተካከያ ሲጠየቅ ምን ይል ነበር፣ ዋናውን ፋይል አስረክቧል ወይ። ስለ ዋጋ መጠየቅ አይገባም፤ የሁለቱ ጉዳይ ነው።

አምስተኛ፦ የሥራ ፋይሉን በፊት ለፊት ማስከፈት

ከቴክኒክ ማጣሪያዎች ሁሉ አንዱን ብቻ የመፈጸም ጊዜ ያለው ቀጣሪ ይህን ይምረጥ። አመልካቹ ላፕቶፑን ይዞ እንዲመጣ፣ ካልተመቸውም በጉግል ሚት ወይም በዙም ስክሪኑን እንዲያጋራ ይጠየቃል፤ ፋይሉን እንዲልክ ግን አይጠየቅም፤ ዋናው ፋይል የሌላ ደንበኛ ንብረት ሊሆን ይችላልና። በእርግጥ የሠራው ሰው ፋይሉን ከፍቶ እየተዘዋወረ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

ሎጎው ኢለስትሬተር በሚባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ ፋይሉ ተከፍቶ ኮንትሮልና ዋይ ሲጫኑ ቀለሙ ይጠፋና የመስመሩ አጽም ብቻ ይቀራል። በእጅ የተሣለ ሥራ እዚህ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ንጹሕ ክብ በአራት ነጥቦች ብቻ የቆመ ነው፣ የስንዴው ፍሬም አንዱ ተሠርቶ ሌሎቹ ከእሱ የተባዙ መሆናቸው ያስታውቃል። ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ምስልን በራሱ ወደ መስመር በሚቀይረው የፕሮግራሙ «ኢሜጅ ትሬስ» ተገልብጦ ከሆነ ግን ያው ክብ ዙሪያውን በበርካታ ነጥቦች የተወረረ፣ ጠርዙም የተንቀጠቀጠ ይሆናል፤ አንዱ ፍሬ ከሌላው ጋር ሊመሳሰል ሲገባው እያንዳንዱ በየራሱ የተጣመመ ነው። ይህን ለማየት የዲዛይን ትምህርት አያስፈልግም። የፎቶሾፕ ፋይል ከሆነ ደግሞ የሚታየው የንብርብሮቹ (የ«ሌየሮቹ») ዝርዝር ነው፤ እውነተኛ የሥራ ፋይል ውስጥ የተደበቁ ሙከራዎች፣ የተተዉ ቀለሞች፣ «ሎጎ የመጨረሻ 3» የሚል ስም የተሰጣቸው ቅጂዎች ተዝረክርከው ይገኛሉ። በአንድ ንብርብር ላይ ተጨምቆ የተቀመጠ ምስል የሥራ ፋይል ሳይሆን በፎቶሾፕ የተከፈተ ፎቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ለውጥ ማስደረግ ነው። «የድርጅቱን ስም በሌላ የአማርኛ ፎንት አድርገህ አሳየኝ»፣ ወይም «ይህን ክብ ወደ ሞላላ ቀይረው» ይባላል። እዚህ ላይ የሚለካው ፍጥነቱ አይደለም፤ ሰው እያየው ሲሠራ የሚደናገጥ ጎበዝ ባለሙያ አለ። የሚለካው የሚፈልገው ነገር የት እንዳለ ማወቁ ነው። የራሱን ቤት ጓዳ የሚያውቅ ሰው ጨው የት እንዳለ ሲጠየቅ መሳቢያ ሁሉ አይከፍትም። በመጨረሻም የተጣለውን መጠየቅ ይጠቅማል፤ ደንበኛው ያልተቀበለው ረቂቅ የትኛው ነበር፣ ለምን አልወደደውም? የተሰረቀ ሥራ የተጣለ ረቂቅ የለውም።

ስድስተኛ፦ ድረ ገጽ፣ ጽሑፍና ቪዲዮ ሲሆን

ለድረ ገጽ፣ በኮምፒውተር አሳሽ ላይ ኮንትሮልና ዩ ሲጫኑ የገጹ ኮድ ይወጣል። በውስጡ ለሽያጭ ወይም በነፃ የሚቀርብ የዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ገጽታ ስም ከተገኘ ዲዛይኑ ተገዝቶ ወይም በነፃ ተወስዶ የተገጠመ ነው ማለት ነው። ዝግጁ ገጽታ መጠቀም ነውር የለበትም፤ «ከባዶ ነው የጻፍኩት» ካለ ግን ጥያቄ ይነሣል። ድረ ገጹ በተባለው ዘመን የነበረ መሆኑን የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን ማየት ይቻላል፤ እዚያ አለመገኘቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ትንንሽ ድረ ገጾችን ሁሉ አያስቀምጥምና። የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ በሆነው በጊትሃብ ላይ ኮድ ያቀረበ ካለ በመጀመሪያ የሚታየው ከሌላ ሰው ማከማቻ የተቀዳ መሆን አለመሆኑ ሲሆን ይህ ከስሙ ሥር ተጽፎ ይታያል። ቀጥሎ የለውጦቹ ታሪክ ይታያል፤ ብዙ ፋይል በአንድ ቀን በአንድ ጊዜ ተጭኖ ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ከሆነ ይጠየቅበታል። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ በጊት ላይ የጸሐፊ ስምና ቀን በእጅ ሊጻፍ ስለሚችል ግን ታሪኩ ብቻውን አያሳምንም፤ አንዱን ፋይል ከፍቶ «ይህ ክፍል ምን ይሠራል? ቢጠፋ ምን ይበላሻል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ለጽሑፍና ለትርጉም፣ ከናሙናው ያልተለመደ ዓረፍተ ነገር መርጦ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ የተለመደ ነው። በአማርኛ ግን አንድ ጊዜ መፈለግ አይበቃም፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ የተቀዳው ጽሑፍ በአንድ ፊደል ልዩነት ከፍለጋው ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ሐረግ መምረጥ፣ ካልተገኘም በየአጻጻፉ ደጋግሞ መፈለግ ይገባል። ጽሑፉ በጉግል ዶክስ ተጽፎ ከሆነ የለውጥ ታሪኩን ማስከፈት ነው፤ እየተሰረዘና እየተደለዘ ያደገ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ከተለጠፈው ወዲያው ይለያል። ተርጓሚ ለመቅጠር፣ በተለይ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ ለሚፈልግ ድርጅት፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ሳያነብ መወሰን አይገባም።

ለቪዲዮ ነገሩ አጭር ነው። በሠርግ ሥራ ካሜራማኑ፣ የድሮን አብራሪውና ኤዲተሩ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ ያማረ ትሬለር ያሳየ ሰው የትኛው እንደነበረ ይጠየቅ፤ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ወይም የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱን ከፍቶ ያሳይ።

ሰባተኛ፦ የሚከፈልበት ትንሽ ሙከራ

እስካሁን ያለውን ያለፈ ሰው ከዋናው ሥራ አንድ ቁራጭ ተሰጥቶት ይሞከራል። ለዱቄት ፋብሪካው ይህ የከረጢቱ አንድ ገጽታ በሁለት ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙከራው ክፍያ ሊኖረው ይገባል፤ ለበርካታ አመልካቾች ነፃ ሙከራ ሰጥቶ ያማረውን መውሰድ ራሱ የሰው ሥራ መስረቅ ነው፤ ጎበዝ የሆነውም አይመጣም። ውጤቱ ከናሙናዎቹ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያል። በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ያንስ ይሆናል፤ ነገር ግን የፊደል አመራረጡ፣ የክፍተት አጠባበቁና የቀለም ፍላጎቱ ያው መሆን አለበት። ናሙናው የተረጋጋና ንጹሕ ሆኖ ሙከራው በጥላና በጌጥ ከተጨናነቀ ሁለት የተለያዩ እጆችን እያየን ሊሆን ይችላል።

በማናቸውም ደረጃ ላይ የማይጣጣም ነገር ሲገኝ ለአመልካቹ በግል ተነግሮት መልስ የመስጠት ዕድል ያግኝ። «ይህን ምስል በዚህ ገጽ ላይ በሌላ ስም አግኝተነዋል፤ ሊያስረዱን ይችላሉ?» ማለት በቂ ነው። መልሱ ካላረካ ቅጥሩን መተው እንጂ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሙን ማውጣት ተገቢ አይደለም፤ ተሳስተን ከሆነ በዚህ ከተማ ስሙ የጠፋ ወጣት መልሶ ሥራ ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል።

ስምንተኛ፦ በውሉ ውስጥ የሚገባው

ማጣራቱ ከውሉ ጋር ካልተያያዘ ዋጋው ይቀንሳል። በቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በውል በሌላ መልኩ ካልተስማሙ በቀር በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ባለቤት ያሠራው ሰው ነው፤ የሥራው አመንጪ ሆኖ የመታወቅ የሞራል መብት ግን ከሠራው ሰው ጋር ይቆያል። ስለዚህ ውሉ ዲዛይነሩ ሥራውን በፖርትፎሊዮው ላይ ማሳየት መቻሉንና ከመቼ ጀምሮ እንደሚያሳይ ቢገልጽ ሁለቱም ወገን ያርፋል፤ ወደፊት የሚያጣራ ሌላ ቀጣሪም ግልጽ መልስ ያገኛል።

ለሎጎ የሚጨመር አንድ አንቀጽ አለ። ምልክቱን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ የሚፈልግ ድርጅት ምልክቱ የራሱ ብቻ መሆን አለበት። ከካንቫ ክምችት የተወሰደ ዝግጁ ሥዕል ግን ማንም የሚጠቀምበት ነው፤ የካንቫ የአጠቃቀም ውልም እንዲህ ያለውን ሥዕል በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብን አይፈቅድም። ስለሆነም ዲዛይነሩ ሥራው ከዝግጁ ክምችት ያልተወሰደ መሆኑን፣ ፎንቱም ለንግድ የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የመጨረሻው ክፍያም ዋናው ፋይል ከተረከበ በኋላ እንዲሆን ይወሰን። ፋይሉ ሲደርስ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት በሁለተኛውና በአምስተኛው እርምጃ የተገለጸው ፍተሻ በተረከበው ሎጎ ላይ እንደገና ይደረግበታል፤ ክቡ አራት ነጥብ ካለው፣ ስንዴውም ሌላ ቦታ ካልተገኘ፣ ክፍያው በዚያው ቀን ይፈጸም።